ፈጣን የካዚኖ ፖከር ውድድር፦ ሰዓቱ ሳይበላህ እንዴት ትጫወታለህ?

በዎርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋናው ውድድር ላይ አንድ ሌቭል (የግዴታ ውርርዱ፣ ማለትም ብላይንዱ፣ ሳያድግ የሚቆይበት ጊዜ) 2 ሰዓት ነው። ተጫዋቹ 60,000 ቺፕ ይዞ ይጀምራል፤ ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይችላል። ካዚኖዎች በሥራ ቀን ማታ የሚያዘጋጁት፣ መግቢያው ትንሽ የሆነው ውድድር ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሌቭሉ 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁሉም ነገር ያልቃል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚወድቀው ለዝግተኛ ውድድር የተሰጠ ምክር ይዞ ስለሚመጣ ነው። «ታገሥ፣ ጥሩ ካርታ ጠብቅ» የሚለው ጥሩ ምክር ነው፤ ጊዜ ላለው ሰው። ጊዜ ከሌለህ ዋናው ተጋጣሚህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚች አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

የኖ-ሊሚት ቴክሳስ ሆልደምን ሕግ ታውቃለህ ብዬ ነው የምጽፈው። ፍሎፕ ምን እንደሆነ፣ በተን ምን እንደሆነ አላስረዳም።

1. ከመመዝገብህ በፊት ወረቀቱን አንብብ

እያንዳንዱ ካዚኖ የውድድሩን አወቃቀር የሚያሳይ ወረቀት አለው። መመዝገቢያው ጋ ታገኘዋለህ፤ ካላየኸው ጠይቅ። አራት ነገር ፈልግበት፦ ቤቱ ስንት እንደሚወስድ፣ በስንት ቺፕ እንደሚጀመር፣ አንድ ሌቭል ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ብላይንዱ በምን እርምጃ እንደሚያድግ።

ከቤቱ ድርሻ እንጀምር። መግቢያው 100 ሆኖ ለሽልማት የሚገባው 75 ብቻ ከሆነ፣ አማካይ ተጫዋች በየጊዜው ከ100 ላይ 75 ይመለስለታል ማለት ነው። ላለመክሰር ብቻ ከአማካዩ ሰው በሲሶ የበለጠ ማግኘት አለብህ። በትንንሽ ውድድሮች ላይ እንዲህ ያለ ድርሻ ብርቅ አይደለም። መግቢያው ሲያንስ የቤቱ ድርሻ በመቶኛ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ዲለሩም መብራቱም ያው ወጪ ነውና። ከ30 በመቶ በላይ የሚወስድ ውድድር ካየህ ሌላ ምሽት ፈልግ። የምትጫወተው ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ደግሞ እንደ መዝናኛ ወጪ ቁጠረው።

በአንዳንድ ካዚኖ ለሠራተኞች የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ጨምረህ ስትከፍል ተጨማሪ ቺፕ ይሰጥሃል። ለምሳሌ ለ10 ተጨማሪ ክፍያ 5,000 ቺፕ። ዋናው 10,000 ቺፕ በ100 የተገዛ ከሆነ ይህን እምቢ ማለት ሞኝነት ነው። አድ-ኦንንም (ሳትወድቅ የምትገዛውን ተጨማሪ ቺፕ) በዚሁ ሚዛን አየው። በአንድ ብር ወይም በአንድ ዶላር ስንት ቺፕ እንደሚደርስህ አስላና ከመጀመሪያው መግቢያ ጋር አወዳድር። ከረከሰ ውሰድ።

ሪባይ (ቺፕህ ሲያልቅ እንደገና ከፍሎ መግባት) ላይ ግን ጠንቀቅ በል። ስድስተኛው ሌቭል ላይ ወድቀህ እንደገና ብትገባ ያው 10,000 ቺፕ ነው የሚሰጥህ። ቢግ ብላይንዱ ግን 800 ደርሷል። ሙሉ የቤት ድርሻ ከፍለህ ለ12 ቢግ ብላይንድ የሚሆን ቺፕ ገዛህ ማለት ነው። በንዴት የሚገዛ ሪባይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

2. ፍጥነቱን አስላ

አሁን ዋናው ሥራ። ጥያቄው አንድ ነው፦ አንድም እጅ ሳልጫወት ብቀመጥ ስንት ሰዓት እቆያለሁ?

ምሳሌ እንውሰድ። 10,000 ቺፕ፣ ሌቭሉ 15 ደቂቃ፣ ብላይንዱ እንዲህ ይሄዳል፦ 50/100፣ 100/200፣ 150/300፣ 200/400፣ 300/600፣ 400/800፣ 600/1,200፣ 800/1,600። አንቴውን (ከብላይንዱ ሌላ በየእጁ የሚከፈለውን የግዴታ ውርርድ) ቢግ ብላይንዱ ላይ ያለው ሰው ለጠረጴዛው ሁሉ ይከፍላል እንበል፤ መጠኑም ከቢግ ብላይንዱ እኩል ነው። ይህ አሠራር ዛሬ በጣም የተለመደ ነው። እንግዲህ አንድ ሙሉ ዙር 2.5 ቢግ ብላይንድ ያስወጣሃል።

ሰው የሚያድለው የካዚኖ ጠረጴዛ በሰዓት ወደ 25 እስከ 30 እጅ ይሄዳል። በ15 ደቂቃ 7 እጅ ያህል ነው። ጠረጴዛው ዘጠኝ ሰው ከሆነ አንድ ሌቭል አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ከዙሩ 80 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የየሌቭሉ ወጪህ በግምት 200፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1,200፣ 1,600፣ 2,400፣ 3,200 ይሆናል። ደምረው። ስምንተኛው ሌቭል ሳያልቅ ባዶ ነህ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማለት ነው።

ግን ችግሩ ከዚያ በፊት ይመጣል። አምስተኛው ሌቭል ሲያልቅ እጅህ ላይ 6,800 ቺፕ ይቀራል፤ ቢግ ብላይንዱም 800 ይሆናል። 8.5 ቢግ ብላይንድ ብቻ ቀረህ። ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ያየኸውም 35 እጅ ያህል።

በ35 እጅ ውስጥ ምን ታያለህ? ጥንድ ጃክና ከዚያ በላይ ያሉት ጥንዶች፣ ከኤስ-ኪንግ ጋር ተደምረው፣ ከሁሉም ካርታ 3 በመቶ ናቸው። በአማካይ 33 እጅ ውስጥ አንድ ጊዜ ትመጣለች። በ35 እጅ አንድም ጊዜ የማታይበት ዕድል 34 በመቶ ነው። ጥሩ ካርታ የሚጠብቅ ሰው ከሦስት ምሽት በአንዱ ምንም ሳያይ ስታኩ (ያለው ቺፕ ሁሉ) ይመነምናል። ብትመጣለትም አንዲት ናት፤ እሷንም ሁሉም ጥለው ብላይንዱን ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ፖከር የሚያነቡ ሰዎች «ኤም» የሚሉትን ቁጥር ሰምተህ ይሆናል። በፖከር ተጫዋቹ በፖል ማግሪየል ስም የተጠራ ነው፤ ስታክህን ለአንድ ዙር ወጪ ታካፍላለህ። 25 ቢግ ብላይንድ ካለህ ኤምህ 10 ነው፤ አሥር ዙር ትቆያለህ ይላል። ግን ይህ ቁጥር ብላይንዱ ባለበት እንደሚቆይ ነው የሚያስበው። በፈጣን ውድድር አሥሩ ዙር ሳይሆን አምስቱም አይሞላም። ስለዚህ ሁልጊዜ ስታክህን አሁን ባለው ብላይንድ ሳይሆን በሚቀጥለው ሌቭል ብላይንድ ለካው። ሰዓቱ ላይ ሦስት ደቂቃ ቀርቶት «15 ቢግ ብላይንድ አለኝ» ብለህ አትዝናና።

3. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌቭሎች

በሰዓቱ ግባ። ዘግይቶ መመዝገብ ብልህነት የሚመስላቸው አሉ፤ ዝግተኛ ውድድር ላይ ክርክሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ከፍሎፕ በኋላ እውነተኛ ፖከር የምትጫወትበት ጊዜ እነዚህ 45 ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ከሁሉም ደካማ የሆኑት ተጫዋቾችም ያኔ ገና ወንበራቸው ላይ ናቸው።

የትንሽ መግቢያ ጠረጴዛ መልኩ ይታወቃል። ሦስት አራት ሰው ሊምፕ ያደርጋል፤ ሬይዝ ሳያደርግ ቢግ ብላይንዱን ብቻ ከፍሎ ይገባል። ሁሉም ፍሎፑን ማየት ይፈልጋል። አንዲት ትንሽ ጥንድ የያዘ ሰው እስከ ሪቨር ይከተልሃል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ለዚህ ጠረጴዛ የተተረተ ይመስላል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ብለፍ (ደካማ ካርታ ይዞ በውርርድ ማስፈራራት) ቀንስ። ጥሎ ለማይወጣ ሰው ብለፍ ማድረግ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ፍሎፑን ስተህ ሦስት ሰው ከተከተለህ ቼክ በልና ተው።

ሁለተኛ፣ ጥሩ ካርታ ስትይዝ ከልብህ አስከፍላቸው። ኤስ-ኩዊን ይዘህ ፍሎፑ ላይ ኩዊን ብትወጣ የፖቱን ሁለት ሦስተኛ ተወራረድ። ተርን ላይም ድገመው። «ትልቅ ብወራረድ ይሸሹብኛል» የሚለው ፍርሃት እዚህ ብዙ ጊዜ መሠረት የለውም። በትልልቅ ውድድሮች እንደምታየው 2.2 ቢግ ብላይንድ ሬይዝ ብታደርግ አምስት ሰው ኮል ይልሃል። መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 4 ቢግ ብላይንድ አድርገው፤ ለእያንዳንዱ ሊምፕ ያደረገ ሰው ደግሞ አንድ ጨምር።

ከቦታህ ጋር ተጫወት። በተን ላይና ከእሱ በፊት ባለው ወንበር ላይ ሰፋ አድርገህ ግባ፤ ከፊት ስትሆን ጠበብ አድርግ። ይህ በየትኛውም ፖከር እውነት ነው፤ ስለዚህ አልቆይበትም።

ትንንሽ ጥንዶች ላይ ግን አንድ ቃል። በሁለት፣ በአራት፣ በአምስት ጥንድ ገብተህ ፍሎፕ ላይ ሦስተኛዋን የማግኘት ዕድልህ ከ8.5 አንድ ነው። ይህ የሚያዋጣው ለኮሉ ከምትከፍለው ቢያንስ 15 እጥፍ ከተጋጣሚህ ማግኘት የምትችል ከሆነ ነው። በመጀመሪያው ሌቭል 300 ከፍለህ 10,000 ያለውን ሰው ማሳደድ ይቻላል። በሦስተኛው ሌቭል ሬይዙ 1,000 ሲሆን ስታኩ የዚያ አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ጣላት።

4. ከ30 እስከ 12 ቢግ ብላይንድ

ውድድሩ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚተኛው። ስታኩ ያን ያህል አላነሰም፤ ስለዚህ አይቸኩልም። ሁለት ሌቭል ያልፋል። ከዚያ 7 ቢግ ብላይንድ ይዞ በስድስት-ሰባት ኦል-ኢን ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ ስሌት። 60 በመቶ ዕድል ይዘህ ኦል-ኢን ብትገባ ጥሩ ሁኔታ ላይ ነህ። አራት ጊዜ እንዲህ ብትገባ ግን አራቱንም የማለፍ ዕድልህ 13 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታክህን በግጭት ብቻ ማሳደግ አይቻልም። መሃል ላይ ማንም ሳይነካህ የምትሰበስበው ቺፕ ያስፈልግሃል። ያ ቺፕ ብላይንዱና አንቴው ነው፤ በየእጁ 2.5 ቢግ ብላይንድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። 20 ቢግ ብላይንድ ላለው ሰው ይህ የስታኩ ስምንተኛ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ሬይዝ ነው። ሁሉም እስከ አንተ ከጣሉ፣ በተን ላይ ወይም ከበተን አንድና ሁለት ወንበር ቀድመህ ከሆንክ፣ ከ2 እስከ 2.5 ቢግ ብላይንድ ሬይዝ አድርግ። ካርታህ በጣም ጥሩ መሆን የለበትም። ኤስ ያለበት፣ ኪንግና ጥሩ አጃቢ፣ ማንኛውም ጥንድ፣ ተከታታይ ሆነው መልካቸው አንድ የሆኑ (ሁለቱም ልብ ወይም ሁለቱም ዳይመንድ) በቂ ናቸው። ከካርታህ በላይ የሚያስፈልግህ ብላይንዱ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች ማወቅ ነው። አንዱ ሁሉን ነገር የሚከተል ከሆነ ቀንስ። ሁለቱም ስልካቸው ላይ ያፈጠጡ ከሆነ ጨምር።

ሁለተኛውና እኔ አብዝቼ የምወደው መንገድ ሊምፕ ባደረጉ ሰዎች ላይ ኦል-ኢን መግባት ነው። ምሳሌ፦ ብላይንዱ 200/400፣ አንቴው 400 ነው። አንተ በተን ላይ 6,400 አለህ፤ 16 ቢግ ብላይንድ። ሁለት ሰው ሊምፕ አደረጉ። ፖቱ ውስጥ 200፣ 400፣ 400 እና 800፣ በድምሩ 1,800 አለ። ኦል-ኢን ብትልና ሁሉም ቢጥሉ ስታክህ 8,200 ይሆናል። አንድ ካርታ ሳይገለጥ 28 በመቶ አደግህ። ሊምፕ ያደረገ ሰው ጥሩ ካርታ ቢኖረው ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ሬይዝ ያደርግ ነበር። 400 ለመክፈል የወሰነበትን ካርታ ይዞ 6,400 መክፈል ለብዙዎች ይከብዳል።

ለዚህ ሰባት ጥንድና ከዚያ በላይ፣ ኤስ-አሥርና ከዚያ በላይ፣ ኪንግ-ኩዊን ጥሩ መነሻ ናቸው። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ማታውን ሙሉ ዝም ብሎ የቆየ ሰው ከመጀመሪያው ወንበር በድንገት ሊምፕ ካደረገ ጠርጥር፤ ጥንድ ኤስ ይዞ የሚያደባ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ስታኩ ከ5 ቢግ ብላይንድ በታች የሆነ ሰው ሊምፕ ካደረገ አይጥልም። እሱን በብለፍ ሳይሆን በጥሩ ካርታ ነው የምታገኘው።

ሦስተኛው መንገድ ሁልጊዜ ሬይዝ በሚያደርግ ሰው ላይ መልሶ ኦል-ኢን መግባት ነው። ከ12 እስከ 18 ቢግ ብላይንድ ሲኖርህ ለዚህ ምቹ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ሰውየው «ትንሽ ናት» ብሎ ኮል ይልሃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ለትንሽ ትርፍ ብዙ ታጋልጣለህ።

በዚህ ክልል አንድ ደንብ ያዝ፦ ልታደርገው ያሰብከው ሬይዝ የስታክህን ሲሶ የሚያህል ከሆነ ሬይዙን ተወውና ኦል-ኢን ግባ። ሲሶውን ከፍለህ መልሰህ መጣል ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው። ፍሎፕ አይቼ እወስናለሁ ማለትም እንዲሁ፤ ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ፍሎፕ ላይ ቢያንስ አንድ ጥንድ የሚያገኙት ከሦስት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

5. ከ12 በታች፦ ኦል-ኢን ወይም መጣል

10 ቢግ ብላይንድ አለህ። ፖቱ ውስጥ 2.5 አለ። ኦል-ኢን ብትገባና ኮል ብትባል 35 በመቶ የማሸነፍ ዕድል አለህ እንበል። ደካማ ካርታ ነው ማለት ነው። ቢግ ብላይንዱ ላይ ያለው ሰው ኮል ሲልህ 21.5 የሚያህለው ፖት 35 በመቶው ያንተ ነው፤ ወደ 7.5። 10 ከፍለህ 7.5፤ 2.5 ገደማ ታጣለህ። ሁሉም ሲጥሉ ግን 2.5 ታገኛለህ። ሂሳቡ የሚመጣጠነው ተጋጣሚዎችህ 50 በመቶ ያህል ሲጥሉ ነው። በተን ላይ ሆነህ ከኋላህ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ሁለቱም የመጣላቸው ዕድል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ደካማ ካርታ እንኳ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ዘጠኝ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም እስከ አንተ ሲጥሉና 10 ቢግ ብላይንድ ሲኖርህ፣ እንደ መነሻ ይህን ያዝ፦

• ከፊት ወንበሮች፦ አምስት ጥንድና ከዚያ በላይ፣ ኤስ-አሥርና ከዚያ በላይ፣ ኪንግ-ኩዊን፣ መልኩ አንድ የሆነ ኪንግ-ጃክ።
• ከመሃል፦ ማንኛውም ጥንድ፣ ኤስ-ሰባትና ከዚያ በላይ፣ መልኩ አንድ የሆነ ማንኛውም ኤስ፣ ኪንግ-ጃክ፣ ኩዊን-ጃክ።
• ከበተን በፊት፦ ማንኛውም ኤስ፣ ኪንግ-ዘጠኝና ከዚያ በላይ፣ ኩዊን-አሥር፣ ጃክ-አሥር።
• በተን፦ ከላይ ያሉት ሁሉ፣ መካከለኛ አጃቢ ያለው ኪንግ፣ ኩዊን-ስምንት፣ ጃክ-ስምንት፣ መልካቸው አንድ የሆኑ ተከታታዮች።
• ስሞል ብላይንድ፦ ከሚመጣልህ ካርታ ከግማሽ በላይ።

እነዚህ ቁጥሮች በልኩ የሚጥሉ ተጋጣሚዎችን ታሳቢ ያደርጋሉ። ጠረጴዛህ ኮል የሚያበዛ ከሆነ ከዝርዝሩ ጭራ ያሉትን ቁረጥ። መጀመሪያ የሚቆረጡት እንደ ሰባት-ስድስት ያሉት ናቸው፤ ኤስና ጥንድ ይቆያሉ። ስታክህ 6 ሲደርስ ደግሞ ሰው በማንኛውም ካርታ ኮል ይልሃል፤ ማስፈራራት አልቀረልህም። ለዚህም ነው 10 ላይ መንቀሳቀስ ከ6 ላይ መንቀሳቀስ በእጅጉ የሚሻለው።

ስትገባ «ኦል-ኢን» ብለህ በቃል ተናገር፤ ከዚያ ቺፑን ግፋ። በውድድር ፖከር ቃል ያስራል። ዝም ብለህ አንድ ትልቅ ቺፕ ብትወረውር ዋጋው ምንም ይሁን ምን ኮል ተብሎ ይቆጠራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ካወጣቸው፣ አብዛኞቹ ካዚኖዎችም ከሚከተሏቸው ደንቦች አንዱ ነው። ቺፑን በሁለት ጊዜ መግፋትም አይፈቀድም። ጀማሪ ሰው ጥሩውን ኦል-ኢን በዚህ ምክንያት ሲያበላሽ ማየት ያናድዳል።

6. ኮል ማለት ሌላ ነገር ነው

ኦል-ኢን የሚገባ ሰው ሁለት ማሸነፊያ አለው፦ ሌላው ሲጥል ወይም ካርታው ሲያሸንፍ። ኮል የሚል ሰው አንድ ብቻ አለው። ስለዚህ ኦል-ኢን በምትገባበት ኤስ-ሰባት ኮል አትበል። ጠንካራ ተጫዋች ከፊት ወንበር 12 ቢግ ብላይንድ ቢገፋ ኤስ-ጃክ እንኳ ይጣላል። ከእሱ የበላይ የሆነ ኤስ ከገጠመህ፣ ለምሳሌ ኤስ-ኩዊን በኤስ-ኪንግ ላይ፣ ዕድልህ ከአራት አንድ ያህል ነው።

ይህ ደንብ የማይመለከተው አንድ ሁኔታ አለ። ቢግ ብላይንድ ላይ ነህ፤ አንድ ሰው 6 ቢግ ብላይንድ ኦል-ኢን ገባ፤ ሌላው ሁሉ ጣለ። ፖቱ ውስጥ የሱ 6፣ ስሞል ብላይንዱ 0.5፣ ያንተ 1 እና አንቴው 1 አለ፤ 8.5። አንተ የምትጨምረው 5 ብቻ ነው። 5 ለ13.5፤ 37 በመቶ ዕድል ይበቃሃል። ጃክ-ዘጠኝ በኤስ-ኪንግ ላይ እንኳ ወደዚያ ትጠጋለች። ሰውየው ሰፊ ካርታ የሚገፋ ከሆነ ብዙ እጅ ኮል ይባላል። ብዙ ሰው ግን እዚህ ጋ «ካርታዬ አይረባም» ብሎ ይጥላል። ዋጋውን አስላ፤ የካርታህ መልክ አያታልልህ።

7. ሽልማት ሲቃረብ

ቺፕ ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ መሆኑ የሚገባህ እዚህ ነው። 40 ሰው 100 ከፍሎ ገባ፤ ከእያንዳንዱ 75 ለሽልማት ገባ፤ በድምሩ 3,000። የሚከፈላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ 1,500፣ 900 እና 600። አራት ሰው ቀርቷል፤ ሁሉም እኩል ቺፕ አላቸው። የእያንዳንዱ ስታክ ዋጋ 750 ነው።

አሁን አንዱ ኦል-ኢን ገባ፤ ኮል ልበል ወይስ አልበል? ከተሸነፍክ ባዶ እጅህን ትወጣለህ። ካሸነፍክ ከጠቅላላው ቺፕ ግማሹ ያንተ ይሆናል፤ የስታክህ ዋጋ ግን 1,500 አይሆንም። የሁሉንም ደረጃ ዕድል ስታሰላ 1,150 ገደማ ነው። ቺፕህ እጥፍ ሆነ፤ ገንዘብህ ግን በግማሽ ያህል ብቻ አደገ። 750 አስይዘህ 1,150 ለማግኘት 65 በመቶ ዕድል ያስፈልግሃል። ኤስ-ኩዊን በዘፈቀደ በተያዘ ካርታ ላይ ያላት ዕድል እንኳ ይህን ብቻ ታክላለች፤ ተጋጣሚህ ደግሞ በዘፈቀደ አልገባም። አስቀድሞ የገባው ብላይንድ ሂሳቡን በጥቂቱ ያላላዋል፤ ቢሆንም ኮል የሚባለው በጣም ጥብቅ በሆነ ካርታ ነው።

ይህ ስሌት ተቃራኒ ገጽ አለው። ተጋጣሚዎችህም 65 በመቶ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚገፋው ሰው አንተ ሁን። በተለይ ከአንተ ያነሰ ቺፕ ባላቸው፣ ሽልማት ውስጥ ለመግባት በሚጓጉ ሰዎች ላይ። ከአንተ የበለጠ ቺፕ ያለውን ሰው ግን አትንካ፤ እሱ ሊያስወጣህ ይችላል፣ አንተ ግን አታስወጣውም። 2 ቢግ ብላይንድ የቀረው ሰው ጠረጴዛው ላይ ካለም ረጋ በል፤ በሚቀጥለው ዙር ብላይንዱ ራሱ ያወጣዋል።

አንዳንዱ ሰው በዚህ ሰዓት ሆን ብሎ ጊዜ ይገድላል። አስቀያሚ ልማድ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለ ማንኛውም ተጫዋች «ሰዓት» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ተጠቀምበት።

8. ስለ ገንዘብህ ባጭሩ

እነዚህ ውድድሮች ዕድል የሚበዛባቸው ናቸው። በጣም ጎበዝ ተጫዋችም አሥር አሥራ አምስት ውድድር ተከታትሎ ምንም ላያገኝ ይችላል። ለፖከር ብቻ የመደብከው ገንዘብ ከ50 እስከ 100 መግቢያ የሚሆን ይሁን። ለቤት ኪራይ የያዝከውን ይዘህ አትሂድ። ከተሸነፍክ በኋላ ወደ ሌላ የካዚኖ ጨዋታ ዞር ብለህ «ላካክሰው» የምትል ዓይነት ሰው ከሆንክ ደግሞ ይህ መመሪያ አይጠቅምህም፤ ቤትህ ቅር።

9. የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች እና ክፍፍል

መጨረሻ ላይ ብላይንዱ በጣም ስለሚያድግ ጨዋታው ወደ ዕጣ ይጠጋል። ያኔ አንድ ሰው «እንካፈል» ይላል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን «በቺፕ እንካፈል» የሚባለውን ሳታሰላ አትቀበል።

ከላይ ባለው ምሳሌ ሦስት ሰው ቀረ እንበል፦ 200,000፣ 120,000 እና 80,000 ቺፕ። 3,000ውን በቀጥታ በቺፕ ብትካፈሉ አንደኛው 1,500 ይወስዳል። ይኸውም የአንደኛ ደረጃ ሙሉ ሽልማት ነው፤ አንድ ካርታ ሳይጫወት! ትንሹ ስታክ ደግሞ 600 ይደርሰዋል፤ አሁኑኑ ሦስተኛ ሆኖ ቢወጣም የማይቀርበትን ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የሚያቀርብልህ ብዙውን ጊዜ ባለ 200,000ው ነው።

የተሻለው ቀላል መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ለሦስቱም 600 ስጡ፤ ለማናችሁም የማይቀር ነውና። የቀረውን 1,200 በቺፕ ተካፈሉ። 1,200፣ 960 እና 840 ይመጣል። የየደረጃውን ዕድል በትክክል ብታሰላ ደግሞ 1,152፣ 982 እና 866 ገደማ ታገኛለህ። ቅርብ ናቸው። ትንሽ ስታክ ካለህ ሁለተኛውን ስሌት ጠይቅ፤ ፍሎር ማናጀሩ (ውድድሩን የሚቆጣጠረው የካዚኖው ሠራተኛ) ብዙ ጊዜ ማስሊያ አለው። ትልቁን ስታክ ከያዝክ የመጀመሪያው ይሻልሃል።

ስምምነቱን ዲለሩ ካርታ መበወዙን ካቆመ በኋላ፣ ፍሎር ማናጀሩ ባለበት ጨርሱ፤ ካዚኖው ክፍፍል ይፈቅድ እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ። አንድ ሰው እምቢ ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። አትለማመጠው፣ አትቆጣውም። ሁለት ጊዜ ኦል-ኢን ገፍተህ ብላይንዱን ከወሰድክበት ራሱ መልሶ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ያኔ አዲሱን የቺፕ ቁጥር ይዛችሁ እንደገና አስሉ።